የእሁድ ሩዝ

«ያቺ ጠረጴዛ ለምንድን ናት?» አሉ ጋሽ ስምዖን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሐረገወይን ፊቷን ከነጠላዋ አውጥታ ወደ መስኮቱ አየች። ከለቅሶ ደራሾቹ ወንበሮች ጀርባ፣ የሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ቆማለች። ጠዋት አልነበረችም። ላይዋ ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ምንም የለም።

«ሊንቫል ነው ያቆማት። ለነገ ማታ።»

«ነገ ማታ ደግሞ ምን አለ?»

«የጃማይካዎቹ ልማድ ነው። ሰው በሞተ በዘጠነኛው ማታ ይሰበሰባሉ፤ ይዘምራሉ፣ ይበላሉ። ናይን ናይት ይሉታል።»

«ጠረጴዛዋስ?»

ሐረገወይን መልሱን ታውቀዋለች። የእህቷ ባል ጠዋት ራሱ ነግሯታል። ግን አፏ አልታዘዝ አላት። አጠገባቸው ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እትዬ ማሚቱ ጉልበታቸውን እያሻሹ ገላገሏት።

«ለሟቿ ነዋ። የምትወደውን ምግብ ያስቀምጡላታል።»

ጋሽ ስምዖን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። የሐረገወይን እህት አዲስዓለም ከሞተች ጀምሮ አረፍ ብለው አያውቁም። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ወንበሮቹን እየተሸከሙ አራተኛ ፎቅ ያወጡት እሳቸው ናቸው። አስከሬኑ እንዲለቀቅ ከሆስፒታሉ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቁ የዋሉትም፣ ፓስተሩን ለቀብሩ ቀን ያስያዙትም እሳቸው።

«ስሚኝ ሐረግ» አሉ። «ለሙታን ማዕድ ማቅረብ ቃሉ የሚከለክለው ነገር ነው። እኔ ዝም ብል ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዝም አይሉም። ፓስተሩም ይህን ከሰማ መቃብሩ ላይ አይቆምም። አነጋግሪው። ያንተን አክብረናል፤ የኛንም አክብርልን በይው።»

«እሺ፣ አነጋግረዋለሁ።»

ሳሎኑ ውስጥ ሴቶቹ መዝሙራቸውን ቀጠሉ። መዝሙሩን የምታወጣላቸው ልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፤ መሐል ላይ ይሰበራል። ድሮ ይህን መዝሙር የምታወጣው አዲስዓለም ነበረች።

*

ሐረገወይንን ለንደን ያመጣቻት አዲስዓለም ናት። እሷ ናት የቪዛ ማመልከቻ አስገብታ፣ ጠበቃ አናግራ፣ ሂትሮው ላይ የአውሮፕላን ምግብ በሚታሸግበት ድርጅት ሥራ ያስገባቻት። ኬንቲሽ ታውን የምትኖርበትን ክፍልም ያገኘችላት እሷ ናት። በዚያን ጊዜ አዲስዓለም የመዘምራኑ መሪ ነበረች። እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ ከፊት ስትቆም፣ ሐረገወይን ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «እህቴ ናት» ማለት ያምራት ነበር፤ ለማያውቃት ሰው ሁሉ።

ከዚያ ሊንቫል መጣ። አዲስዓለም የምታጸዳበት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከእሷ በዕድሜ ገፋ ያለ። ልታገባው መሆኑ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄደው መከሯት። ሦስተኛ እንዳይመጡ ራሷ መዘምራኑን ትታ ወጣች። አዲስ አበባ ያሉት እናታቸው ደግሞ ለሐረገወይን ደወሉ።

«እህትሽ ከእጃችን ወጥታለች» አሉ። «አንቺ ግን አትራቂያት። ሂጂ፣ እያት፣ ጠይቂያት። ግን ከዚያ ቤት እንዳትበዪ። የበላሽ ቀን እሺ ብለናል ማለት ነው።»

ሐረገወይን ቃሏን ጠበቀች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሃክኒ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ፍርፍር ወይም የትናንት ወጥ የያዘች ክዳን ያላት ዕቃ አለች። አዲስዓለም በሩን ስትከፍት የድስቱ እንፋሎት አብሯት ይወጣል፤ የኮኮናት፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የጦስኝ ሽታ። ጠረጴዛው ላይ ለሐረገወይንም ሳህን ተዘርግቷል። ሐረገወይን ሳህኑን ትንሽ ገፋ ታደርግና የራሷን ዕቃ ታወጣለች። አዲስዓለም በዚህ አንድም ቀን ክፉ ተናግራ አታውቅም። «ላሙቅልሽ?» ብቻ ትላታለች። ከዚያ ተቀብላት ታሞቅላታለች።

እናታቸው ከሞቱ በኋላ የቃሉ ባለቤት አልነበረም። ግን እስከዚያው ነገሩ ልማድ ሆኗል። አንድ እሁድ ዕቃዋን ሳትይዝ ብትሄድ ምን እንደምትል ማሰብ ከበዳት። እንዲህ ስትል ዓመታት ሄዱ።

የዚያን ቤት ሳምንት በምግቡ ሽታ ነበር የምታውቀው። ቅዳሜ ጎራ ካለች ዱባና ያም የሚሉት ሥር የበዛበት ሾርባ፣ ውስጡ የዱቄት ኳስ የሚንሳፈፍበት። ዓርብ ማታ ከሆነ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ፈሶበት። በፋሲካ ሰሞን ከአይብ ጋር የሚበላ ጥቁር ጣፋጭ ዳቦ። እሁድ ግን ሁልጊዜ ሩዝና አተር ነው። አተር ይሉታል እንጂ ቀይ ቦሎቄ ነው። ሐረገወይን ይህን ሁሉ አይታለች፣ አሽትታለች። ሥራ ቦታዋም ቀኑን ሙሉ የማትበላውን ምግብ ስታሽግ ስለምትውል አልገረማትም።

*

ሊንቫል ኩሽና ውስጥ ነበር። ከሳሎኑ የሚመጣው መዝሙር በማይገባው ቋንቋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የመጣው ለሚስቱ፣ ተቀምጦ የሚያለቅሰው ደግሞ ከሐረገወይን ጋር። እሱ በነዚህ ቀናት ኩሽናውን ሙጥኝ ብሏል። ሐረገወይን ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ከረጢት ከፍቶ ዕቃ እየደረደረ ነበር።

«ስለ ጠረጴዛዋ ልትነግሪኝ ነው» አለ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። የሚደረድረውን አየች። ሁለት ኮኮናት፣ አንድ ከረጢት ቀይ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ አረንጓዴ ሽንኩርት፣ በክር የታሰረ ጦስኝ፣ ሦስት ክብ ቃሪያ። ጦስኙ ደርቆ ጫፉ ጠቁሯል፤ ሽንኩርቱም ጠውልጓል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሆስፒታሉ ከኮቷ ጋር የሰጠኝ ነው።»

ያኔ ገባት። አዲስዓለም የወደቀችው ከሪድሊ ሮድ ገበያ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉ ሐኪሞቹ። ማንም አልደረሰላትም። የያዘችውን አስቤዛ ያነሳላት ሰው ግን ነበረ፤ አስቤዛው አምቡላንሱ ውስጥ አብሯት ገብቷል። የዚያ እሁድ ምሳ ነበር።

«የእናቴን ናይን ናይት ማን እንዳበሰለ ታውቂያለሽ?» አለ ሊንቫል።

«አላውቅም።»

«አዲስ።» አዲስዓለምን የሚጠራት እንዲህ ነው።

ሐረገወይን ሚስ ሉሲልን ታስታውሳታለች፤ የሊንቫል እናት። አእምሮዋን መሳት ስትጀምር ወደዚህ ቤት መጥታ፣ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር።

«እኔን ረስታኝ ነበር» አለ። «ከሥራ ስገባ ‹የቧንቧ ሠራተኛው መጣ› ትላለች። ድስት ሲጣድ ግን ሁሉን ታውቃለች። አዲስ ታበስላለች፣ እሷ እያሸተተች ታዛታለች። አሁን ጨምሪ፣ አሁን ተይ፣ እሳቱን ቀንሺ። አዲስ ያበላሸችው ቀን ምራቋን ትተፋለች፤ በእውነት ትተፋለች። አዲስ ስቃ እንደገና ትጥዳለች። እህቶቼ ካናዳ ናቸው፤ እኔ ሞተር መፍታት ነው የምችለው። የእናቴ እጅ የቀረው እህትሽ ላይ ነው።»

ቦሎቄውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘረገፈና ውሃ ከፈተበት።

«እናቴ ስትሞት ዓሣውንም፣ ሩዙንም፣ ሁሉንም አዲስ ሠራች። ያችን ጠረጴዛም እሷ ናት ያቆመችው። ጨርቁም የእሷ ነው። እምነትሽስ አልኳት። ‹ሚስ ሉሲል ከጌታ ጋር ናት፤ ምግብ አትፈልግም። ይሄን የማደርገው ላንተ ነው› አለችኝ።» ውሃውን ዘጋ። «አሁን እኔ ለእሷ ላድርግላት። ከዚያ በኋላ ሰዎችሽ የፈለጉትን ይናገሩ።»

ሐረገወይን ቦሎቄው በውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ አየች። መቼ ነው ይህ ሁሉ የሆነው? የሚስ ሉሲል ለቅሶ ጊዜ መጥታ ነበር፤ በጠዋት፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ፣ ጁስ ጠጥታ ሄዳለች። እህቷ ሽርጥ ታጥቃ ነበር። ምን እየሠራሽ ነው ብላ አልጠየቀቻትም።

ወደ ሳሎን ተመለሰች። ጋሽ ስምዖን በዓይናቸው ጠየቋት።

«ጠረጴዛዋ ትቆያለች» አለች።

«እምቢ አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ቤቱ የእሷ ነው፤ ጨርቁም የእሷ ነው። አላነሳትም።»

መዝሙሩ ቆሟል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ስምዖን አልተቆጡም፤ በእነዚህ ቀናት ያረጁ ይመስሉ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥፈው ተነሱ።

«እንግዲህ ፓስተሩ አይመጣም» አሉ። «ይህን አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ወንበሮቹ ይቆዩ። ነገ ብዙ ሰው ይመጣባችኋል።» በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «የቀብሩ ቀን እኔ በግሌ እመጣለሁ። ከኋላ እቆማለሁ። ከዚህ በላይ ግን አትጠይቂኝ።»

ሴቶቹም ጫማቸውን እየፈለጉ ተከተሏቸው። አንዳንዶቹ ሳሟት። አንዳንዶቹ «ጌታ ይርዳሽ» ብለዋት በጎኗ አለፉ፤ ከነዚህ ውስጥ አብራት በአንድ ጽዋ፣ በአንድ ሥራ ቦታ ዓመታት ያሳለፈች ሴት አለች። የመጨረሻዋ ሴት ስትወጣ ሐረገወይን በሩን ዘጋች። ስትዞር እትዬ ማሚቱ ፍራሹ ላይ እንዳሉ ናቸው።

«እርስዎስ?»

«እኔ ይህን ደረጃ ዛሬ አልወርደውም» አሉ እትዬ ማሚቱ። «ጉልበቴ ነው። እዚሁ ጋደም እላለሁ።»

ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ ማንም አልደገፋቸውም ነበር። ሐረገወይን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችላቸው።

*

በማግስቱ ከሰዓት ሊንቫልና ሐረገወይን ሩዙን ጣዱ።

ኮኮናቱን ሰብሮ የፈቀፈቀው እሱ ነው። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተልጦ ደማ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ቀጠለ። የተፈቀፈቀውን ሐረገወይን በሙቅ ውሃ አሽታ ወተቱን ጨመቀች። ቦሎቄው በነጭ ሽንኩርት ከበሰለ በኋላ ወተቱን ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለቱም አያውቁትም።

«ፒሜንቶ ትጨምር ነበር» አለ ሊንቫል፣ ትልልቅ ቁንዶ በርበሬ የሚመስሉ ፍሬዎች የያዘ ጠርሙስ እያነሳ። «ስንት እንደሆነ አላየሁም።»

«ቃሪያውስ? ይከተፋል?»

«ሙሉውን ነው። እንዳይፈነዳ ትጠነቀቅ ነበር። መቼ እንደምታወጣው ግን...» ትከሻውን ሰበቀ።

«ያችን ሚስ አይቪን ብትደውልላትስ?» ሚስ አይቪ የእናቱ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ በዚህ ቤት በየበዓሉ ሐረገወይን አይታታለች።

«ደወልኩላት። ‹እኔ የራሴን ነው የማውቀው። የሉሲልን የምታውቀው አዲስ ነበረች› አለችኝ።»

ሩዙን ጨመሩ። ክዳኑ ሥር ፎይል አደረጉ፤ አዲስዓለም እንዲያ ስታደርግ ሐረገወይን አይታለች፤ ያበረከተችው ነገር ይህ ብቻ ነው። እሳቱን ቀንሰው ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ሽታው መጣ። የእሁድ ሽታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዓይኗን ብትጨፍን ኮሪደሩ ላይ የእህቷን ጫማ የምትሰማ መሰላት። ሊንቫልም ሳይመስለው አልቀረም። ፈጠን ብሎ ክዳኑን ከፈተና በማንኪያ አውጥቶ፣ ተንፍሶበት ቀመሰ።

እንደገና ቀመሰ።

«አይደለም» አለ። «አንድ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ግን መያዝ አልቻልኩም፤ ስበላው እንጂ ሳስበው ኖሬ አላውቅም።» ማንኪያውን ሞልቶ ወደ እሷ ዘረጋው። «አንቺ ቅመሺ። በየእሁዱ እዚህ ነበርሽ። ምን እንደጎደለው ንገሪኝ።»

ሐረገወይን ማንኪያውን ተቀበለች። ጨው ነው ብትለው ይበቃዋል። ኮኮናቱ አነሰ ብትልም ያምናታል።

«ሊንቫል» አለች። «እኔ ቀምሼው አላውቅም።»

«ምኑን?»

«የእሷን። አንዱንም።»

ቀና ብሎ አያት። ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ ለዓመታት አይቷታል፤ የማያውቀው ነገር አልነገረችውም። ግን በሆነ ቀን፣ እሱ ሥራ ሲውል፣ ወይም ሳያያቸው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ከአንድ ድስት በልተዋል ብሎ ገምቶ ኖሯል።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀንም።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ማንኪያውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወስዶ ሩዙን ወደ ድስቱ መለሰ።

«በየእሁዱ ያንቺን ድርሻ ታስቀምጥልሽ ነበር» አለ። «ትንሽ ድስት ውስጥ። እስኪመሽ ትጠብቅና አንቺ ስትሄጂ ለኔ ትቋጥረዋለች። የሰኞ ምሳዬ ያንቺ ነበር። ሁልጊዜ ሰኞ።»

ድስቱን ከደነው። ሐረገወይን እናቷ ከሞቱ በኋላ የነበሩትን እሁዶች ልትቆጥር ጀመረችና ተወችው።

*

ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት ጨለም ሲል ነው። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አሮጊቶች በትልልቅ ሳህን ምግብ ይዘው። የተጠበሰ ዓሣ መጣ፣ ጠጠር ያለ ዳቦ መጣ፣ ሩም የሚሉት አረቄ መጣ። በረንዳው ላይ ወንዶቹ ዶሚኖ ዘርግተው ድንጋዩን ሲያጋጩ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ለሐረገወይን ይህ ድምፅ የለቅሶ አልመሰላትም፤ ግን ከተጫዋቾቹ አንዱ በየመሐሉ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ጨዋታውን ሲያቆም አየች። የጋሽ ስምዖን ወንበሮች ሁሉ ሞሉ። የቆመም ብዙ ነው።

ሴቶቹ መዘመር ሲጀምሩ እትዬ ማሚቱ ከፍራሹ ቀና አሉ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ዜማው ግን ገጠር ሳሉ ሚስዮኖቹ ያስተማሯቸው ነበር። ቀስ ብለው በአማርኛ ገቡበት። ማንም ዞሮ አላያቸውም። እንዲያውም ጎናቸው ያለችው ሴት እጃቸውን ያዘቻቸው።

ሊንቫል ነጩ ጠረጴዛ ላይ ሳህን አስቀመጠ፤ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ከሩዙም አንድ ጭልፋ። ከዚያ ሚስ አይቪ ጋ ሄዶ ጎንበስ አለና ትንሽ ሩዝ በሳህን ሰጣት። አሮጊቷ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሹካ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዓይኗ ሩቅ ነው። ሊንቫል እንደ ልጅ ፊቷ ቆሞ ይጠብቃል።

«ደህና ሩዝ ነው» አለች በመጨረሻ።

እሱ ከፊቷ ንቅንቅ አላለም።

ሚስ አይቪ ሹካውን አስቀመጠች። «በአዲስ ጊዜ፣ እሁድ እዚህ ስበላ፣ ሉሲል ወዲያ ክፍል ያለች ይመስለኝ ነበር» አለች። እጁን ይዛ በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። «እንግዲህ ሉሲልም ገና አሁን መሄዷ ነው፣ ልጄ።»

ሊንቫል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እጁን ከእጇ ሳያስለቅቅ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በሰዉ መሐል አቋርጦ ወደ ኩሽና ገባ፤ ሐረገወይንም ተከተለችው።

ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። ሩዙን እንግዶቹ ጨርሰውታል፤ ለሐዘን ቤት ክብር ሲሉ ሳይሆን አይቀርም። ሊንቫል ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆመና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በነዚህ ቀናት ሲያለቅስ ያየችው ገና አሁን ነው። ሐረገወይን ጀርባው ላይ እጇን አኖረች፤ ከዚህ በፊት ከሰላምታ በቀር ነክታው አታውቅም።

ሲረጋ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ማንኪያ አነሳና ድስቱን ጠመም አድርጎ ሥሩን ይፍቅ ጀመር። ታች የያዘው ሩዝ ነው፤ እንደ ቂጣ የጋገረ፣ ዙሪያውን ያረረ። ቀስ ብሎ ሳይሰብረው አላቀቀው።

«ይሄን ለማንም አትሰጥም ነበር» አለ። «ለኔም። እዚህ ቆማ በእጇ ትበላዋለች።»

ለሁለት ገመሰው። ግማሹን ሰጣት።

«ሌላውን አላወቅንበትም» አለ። «ይሄ ግን ያረረ ነው። ያረረ ማንም ቢያበስለው ያው ነው።»

ሐረገወይን ግማሹን አፏ ውስጥ ከተተች። መረራት፤ ከምሬቱ ሥር የኮኮናት ቅባት አለ፣ ትንሽ ጣፋጭነትም አለ። ሳሎን ውስጥ አዲስ መዝሙር ጀመሩ። ሊንቫል የራሱን ድርሻ እያላመጠ ነው። እሷ ግን አላኘከችውም። ዓይኗን ጨፍና፣ በምላሷ ላይ ራሱ እስኪርስ ድረስ፣ ያዘችው።